በላ ልበልሃ፣ ዊኒፔግ

ሁለት ደብዳቤዎች ከጠረጴዛዬ ላይ
ተፋጠው ቆመዋል እንደ ባለጉዳይ፤
አንዱ ከቶሮንቶ፣ ወፍራም፣ ማኅተመ ወርቅ፣
አንዱ ከዚሁ ሰፈር፣ በአውቶቡስ የማይርቅ።
ውጭው ሠላሳ አንድ ከዜሮ በታች ነው፤
የመስኮቱን በረዶ በጥፍሬ ፋቅሁት፣ መልሶ ያዘው።
ዳኛዋ እኔ ነኝ፦ ሁለት ካልሲ ደርቤ፣
ሻዩ ቀዝቅዞብኝ፣ መጋረጃ ስቤ።

«በላ ልበልሃ!» አለ ወፍራሙ ቀድሞ፣
እንደ ጥንት ተሟጋች ነጠላ አጣፍቶ ቆሞ፦
«የዝናብ ምልክት ደመናው መክበዱ፣
የጠበቃ ምልክት የት ነው መወለዱ።
ስሜን ስትጠሪ በር ሁሉ ይከፈታል፣
አሳንሰሩ ራሱ አርባኛ ፎቅ ያውቃል።
ባንክና ማዕድን ሲካሰሱ ውለው
ማታ የሚደውሉት ለእኔ ልጆች ነው።
ውርርዴ ማር ይሁን!»

ቀጭኑ ማር አልወረደም። ጉሮሮውን ጠረገ፦
«የመስታወት ሕንጻ ያምራል ከሩቅ ሲያዩት፤
ሌሊት መብራት በርቶ ሰው ቢያመሽበት
ደስታ አይምሰልሽ፣ ዕዳ ነው ያለበት።
መቶ ሃያ ሺህ ነው፣ በጣትሽ ቁጠሪ፣
እስከ ሃምሳ ዓመትሽ ለባንክ ልትገብሪ።
ለግማሹ እኔ ዋስ፤ ግማሹን ሥሪበት፣
ጎዳናው የለመድሽው፣ የምታውቂው ፍርድ ቤት።»

ምስክር ጠራሁ። ዶሪን ፍሪሰን፣ የድሆች ጠበቃ፣
መኪናዋ ማሞቂያ የለውም፣ ቦርሳዋ በላስቲክ የታሰረ፤
ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሳንድዊቿን እየገመጠች ነገረችኝ፦
«ደሞዜ ካንቺ ብዙም አይበልጥም። አብረውኝ ከተመረቁት
አንዱ ሐይቅ ዳር ቤት ገዛ፤ አንዱ ሥራ ፍለጋ ሁለት ዓመት ዞረ፤
አንዷ ሕጉን ጥላ ዳቦ ትጋግራለች። ዳቦዋ ጥሩ ነው።»
የቱ ይሻለኛል ብላት፣ «አላውቅም» አለች።
ጠበቃ «አላውቅም» ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት አስተርጓሚ ነኝ።
የሰው ቃል እንደ ሙሉ ብርጭቆ ይዤ፣ ሳይንጠባጠብ፣
ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ተሻግሬያለሁ።
«አልሰረቅሁም» ብያለሁ። «ባሌ መታኝ» ብያለሁ።
«ኪራዩን ከፍያለሁ፣ ደረሰኝ ግን የለኝም» ብያለሁ።
በቀን መቶ ጊዜ «እኔ» እላለሁ፣
አንዱም እኔ አይደለሁም።

ባለፈው ጥቅምት ወይዘሮ ትርንጎን ከቤት ሊያስወጧት፣
ችሎቱ «የምትጨምሪው አለ?» ሲላት
ወደሱ አላየችም። ወደኔ ዞረች፦
«አንቺስ ምን ትያለሽ?»
መሐላዬ ያስረኛል፤ የሰማሁትን ሁሉ እተረጉማለሁ።
ተረጎምኩት። ሰውየው የተጠየቀው እሱ መስሎት
ፈገግ አለ፦ «እዚህ ጠያቂው እኔ ነኝ።»
ማስጠንቀቂያው ዘጠኝ ቀን ይጎድለው ነበር።
ቀኑን ቆጥሬ፣ ዐውቄ፣ ዝም አልኩ።
ሩዝ መቀቀያዋን በጉያዋ ይዛ ወጣች፤
ክዳኑን እኔ ያዝኩላት እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው።

እንግዲህ ደብዳቤዎቹን ይህንኑ ጠየቅኋቸው፦
«አንቺስ ምን ትያለሽ? ስትል የትኛችሁ ነው መልስ የሚያስተምረኝ?»
ወፍራሙ ስለ ማኅተሙ ጀመረ፣ አልጨረሰም።
ቀጭኑም ዝም አለ። ዝምታው ደስ አለኝ።

ቀጭኑን ሳብኩት። ለወፍራሙ ይግባኝ
እስከ ዓርብ ክፍት ነው፤ ማን ያውቃል፣ ይረታኝ።
ቅጹ እንዲህ ይላል፦ «እኔ፣ ስሜ ከታች የተጻፈው...»
እስክሪብቶው ቆመ።
የማን ቃል እንደሆነ፣ ልተረጉመው፣
ዞር ብዬ አየሁ።
ወጥ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።